የበራችን ሁለት ምስር ገንፎዎች

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። መስከረም ገብቶ ሰማዩ ጥርት ባለበት ማለዳ ቆርቆሮ ላይ ይህን ድምፅ ስሰማ፣ ዝናብ መጣ ብዬ የተሰጣ ልብስ ላነሳ እሮጥና ደጅ ወጥቼ በራሴ እስቃለሁ፤ ዝናብ ሳይሆን ወፎች ሲሻሙ የጣሉት፣ ምስር ገንፎ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው። ያኔ ቦንጋ ውስጥ ያደግሁበት ግቢ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው በሩና ከበሩ ሥር ቆማ ወደ ላይ የምታየው አክስቴ ዘነበች ድቅን ይሉብኛል።

ምስር ገንፎ ስሙ ምሳ ይመስላል እንጂ ከወፍ በቀር የሚጓጓለት የለም። ቅጠሉ ወፈር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በበጋ የሰፈሩ አጥር ሁሉ አመድ መስሎ ሲቆም እሱ አሁን የታጠበ ይመስላል። ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ይህን ዛፍ ግቢያችን ያመጣችው የእናቴ ታላቅ እህት ዘነበች ናት። ባሏ «ልጅ አልወለድሽልኝም» ብሎ ቢያሰናብታት፣ ማንኪራ ከሚባለው ገጠር አንድ ሻንጣና በኮባ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ችግኞች ይዛ እኛ ቤት መጣች፣ ችግኞቹንም ከበሩ ግራና ቀኝ ተከለቻቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዛፎቹ የበሩን ክዳን አልፈው ነበር፤ አክስቴም ከእኛ እኩል የቤቱ ሰው ነበረች።

በልግ ሲመጣ ሁለቱም ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጡ ነበር፤ ንቡም በሩን ስለሚወርሰው እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ እየተራገመች ትገባና ትወጣ ነበር። ክረምት ላይ አክስቴ ገጀራ ይዛ መንገደኛ የሚነካውን ቅርንጫፍ ትከረክማለች፣ እኔም የወደቀውን እሰበስባለሁ። መስከረም ሲጠባ ግን ግራ በኩል ያለችው በቀይ ፍሬ ትጥለቀለቅና ፍሬውን በክር ሰክቼ የአንገት ጌጥ እሠራበት ነበር፤ ቀኝ በኩል ያለችው አንዲትም ፍሬ አይታባት አታውቅም። ስለዚህ አንዷን ቀይዋ፣ ሌላዋን ባዶዋ እንላቸው ነበር። አክስቴ በበጋ ውኃ ስታጠጣ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከባዶዋ ነበርና አንድ ቀን ተናደድኩ።

«ይቺ ምን ታደርግልናለች?»

«ትቆማለቻ! መቆም ያንሳል እንዴ?» ብላኝ ማጠጣቷን ቀጠለች።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ግን ከሐሳቡ ትቀድም ነበር። ባጃጅ የቦንጋን ዳገት በለመደበት ዘመን እሱም አንድ ገዝቶ፣ እየነዳ እልል አስብሎን መጣና በሩ ላይ ሲደርስ ባጃጁ አልገባ አለ። ወርዶ በሩን በክንዱ ለካ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ቀና ብሎ ሁለቱን ዛፎች አየ።

«በቃ፣ ይቺ መካኗ ትነሳ!»

አክስቴ በረንዳው ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አላለችም፤ እጇ ብቻ ቆመ። እናቴ «ተው አንተ!» ብላ ዓይኗን ብታፈጥበትም አልገባውም።

«ምን አጠፋሁ? ወንዴ ፓፓያ ስንቆርጥ አይደል የኖርነው? ይቺም ያው ናት።»

ያን ከሰዓት ባዶዋን ቆረጣት። በማግስቱ አክስቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ «ቡና ለቀማ ደርሷል፣ ወንድሜን ላግዝ» ብላ ወደ ማንኪራ ሄደች። ቡናው ተለቀመ፣ ደረቀ፣ ተሸጠ፤ እሷ የለችም። እኔ በየማለዳው በር ላይ እየቆምኩ መንገዱን እመለከት ነበር። እናቴ ከአባቴ ጋር የምታወራው እራት ስታቀርብ ብቻ ሆነ። እሱም «እኔ ስለ ዛፍ ነው የተናገርኩት፣ ምን በወጣኝ!» እያለ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ያስረዳ ነበር።

በልጉ መጣ፣ ቀይዋ እንደልማዷ አበበች፣ ንቡም መጣ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ቆርቆሮው ዝም አለ። ፍሬ የለም፣ ወፍም የለም። አባቴ መሰላል አቁሞ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ሲገልጥ እናቴ ከታች ሆና ወገቧን ያዘች።

«ወንዴ ናት ብለህ በአፍህ ተናግረህ የለም? ለፓፓያውስ የጎረቤት ወንዴ አለለት። ይቺ ያለ ወንዴ ከማን ልታፈራልህ ነው?»

አባቴ ከመሰላሉ ላይ ቶሎ አልወረደም።

እሁድ ጠዋት እኔን ከኋላ አስቀምጦ ባጃጁ እስከቻለበት ድረስ ነዳ፤ ከዚያ ጭቃውን በእግራችን አቋርጠን ማንኪራ ደረስን። አክስቴ ሳታየኝ ሮጬ ተጠመጠምኩባት። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«እትዬ ዘነበች፣ ዛፏ ዘንድሮ አላፈራችም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«ይቅር ይበሉኝ ነው የምለው። ያን ቀን ያ ቃል ለዛፍ ነበር፣ እግዜር ያውቃል።»

«ለዛፍ እንደነበር አውቃለሁ» አለች፣ እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች። «ለዛፍም ቢሆን ደስ አይልም።»

አብራን ተመለሰች። በሩ ላይ ስንደርስ ከባጃጁ ወርዳ ጉቶው አጠገብ ተቀመጠች። እኛ በየቀኑ ስናልፍበት ያላየነውን እሷ አየችው፤ በጎማው ዱካና በጉቶው መሃል የጣት ርዝመት ያላቸው፣ አንገታቸው ሐምራዊ የሆነ ቅጠሎች አቆጥቁጠው ነበር። አንዳንዶቹን ጎማው ደፍጥጧቸዋል። አክስቴ አባቴን ቀና ብላ አየችው። እሱም ባጃጁን ወደኋላ ገፍቶ ጎረቤት አጥር ሥር አቆመው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሸጠው ድረስ ግቢያችን ገብቶ አያውቅም። የሰፈር ሰው «ባጃጁን ዝናብ ያስመታና ለቁጥቋጦ በር ይከፍታል» እያለ ሲሳለቅበት እሱ «እናንተ ምን አገባችሁ!» ብሎ ያልፍ ነበር። ቁጥቋጦው ዛፍ ሆኖ እስኪያብብ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ነበር፤ በተከታዩ መስከረም ቆርቆሮው እንደገና ጠብ ጠብ አለ፣ እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ የሰፈሩ አጥር ብሎኬት፣ በሩ ሁሉ ብረት ሆኗል። እኔም እዚያው ቦንጋ ትዳር ይዤ ቤት ሠርቻለሁ፤ ደጄ ላይ ያሉትን ምስር ገንፎዎች አክስቴ ናት በእጇ የተከለችልኝ። የትኛዋ እንደምታፈራ ሳያብቡ አይታወቅምና በርከት አድርጋ ተከለች፤ እኔም አንዷንም አልነቀልኩም። ካገባሁ ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልወለድኩም። ባለፈው መስቀል ወላጆቼ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ አንዲት እንግዳ ሆዴን አየት አድርጋ «ምነው እስካሁን? መካን እንዳትሆኚ ሐኪም ጋ ታየሽ ወይ?» አለችኝ። አክስቴ እጄን ያዘችኝ። የድሮው አባቴ ቢሆን ምን እንደሚል ማን ያውቃል፤ የዛሬው፣ ጆሮው የከበደው፣ ምርኩዙን መሬት ላይ አንዴ መታና እንግዳዋን አያት።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ያ ቃል ለዛፍም አይነገርም» አላት።

ደጅ ወፎቹ ይሻሙ ነበር፤ ፍሬው የበሩን ቆርቆሮ ጠብ ጠብ ያደርገው ነበር።