በገዛ እጄ ነው የከሳሁት

ወንበሩ የተሰበረው ለቅሶ ቤት ነው። ፕላስቲክ ወንበር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት። አራቱ እግሮቹ አራት ቦታ ተበታተኑና እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሊያነሡኝ የመጡት ሁለት ሰዎች አልበቁም፣ ሦስተኛ ተጨመረ። የሟች ዘመዶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያ ደግሞ ለቅሶ አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ባጃጅ ውስጥ «ወንበሩ አሮጌ ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው በምክንያት ነው። ሰውዬው በትዳር ዘመናችን ሁሉ ስለ ውፍረቴ አንድ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። በኋላ ምዬ ተገዝቼ ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ፤ እዚህ እንኳ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ሥራዬ አዳማ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ መቀበል ነው። ጠዋት ከተቀመጥኩበት የምነሣው ማታ ነው። ስፖርት ሥሪ የሚሉኝ ሞልተዋል። በዚህ ሙቀት፣ ከሥራ መልስ፣ ሁለት ልጆች እያበላሁ፣ መቼ እንደምሠራ ግን የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ያየሁትን ኪኒን ፍለጋ ወጣሁ። አንዲት የኮስሞቲክስ ሱቅ ያላት ልጅ ከቅባቱና ከዊጉ መሃል አውጥታ ሰጠችኝ። ብልቃጡ ላይ ቅጠልና ቀጭን ወገብ ተሥሏል፤ ጽሑፉ በማላውቀው ፊደል ነው። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ትውጫለሽ፣ ውኃ ታበዣለሽ፣ በቃ» አለችኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ብጠይቃት «ናቹራል ነው» አለች። ኮሶም ከዛፍ ነው የሚለቀመው፣ ያን ጊዜ ግን አልመጣልኝም።

ኪኒኑ ሠራ። ክፋቱም መሥራቱ ነው። ምግብ አስጠላኝ፣ አፌ ደረቀ፣ እንቅልፍ ሸሸኝ። ልቤ ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ለደንበኛ መልስ ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሌላ በኩል ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ፤ መስታወት ፊት ቆሜ አንገት እንደነበረኝ ያስታወስኩት ያን ሰሞን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ባለቤቴ «አሞሻል እንዴ?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እለዋለሁ። ይከለክለኛል ብዬ አልነበረም፣ አፍሬ ነው። ረሃብ በገንዘቤ ገዛሁ ብሎ ማን ለባሉ ይናገራል?

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ክርስትና ደረሰና እናቴ ዘንድ መቂ ሄድኩ። እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?» አለች። ስትደነግጥ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት፤ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ማለቷ ነው። ክንዴን በጣቶቿ ለካች፣ ጉንጬን ዳሰሰች፣ ከዚያ ለበዓሉ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ትታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በእናቴ አገር ሰው የሚከሳው በበሽታ፣ በማጣት ወይም በሐዘን ነው። በፈቃዱ የሚከሳ የለም። በማግስቱ እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ተቀዳሁ፣ ምንም በሽታ አልተገኘም። እፎይ ብዬ ነበር፤ ለካስ በገዛ እጄ አንዱን በር መዝጋቴ ነው። በሽታ የለም፤ ባሌ የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ማጣትም የለም። ሐዘን ቀረ። ያገባች ሴት ሐዘን ደግሞ ከየት እንደሚመጣ መቂ ውስጥ የማያውቅ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች አዳማ ድረስ መጡብን። አንደኛው አጎቴ ነው፣ የሽንኩርት ደላላ፤ ስልኩ አያርፍም። ሁለተኛው የጭነት መኪኖች ያላቸው፣ አገር የሚያከብራቸው ሐጂ ናቸው። እናቴ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ እንግዳ የመጣለት መስሎት ለስላሳ አስገዝቶ ነበር።

«ሞላ ያለች ልጅ ነው የሰጠንህ» አለ አጎቴ። «ምን አደረግካት?»

«ምንም» አለ ባለቤቴ።

«ልጄ» አሉት ሐጂ በለሆሳስ፣ «በምንም እንዲህ አይኮንም።»

ባለቤቴ ምንጣፉን እያየ ዝም አለ። ዝምተኛ ነው፣ ሲፈጥረውም ዝምተኛ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ግን ሽማግሌ ፊት አይሠራም፤ እዚያ ዝም ያለ ሰው አጥፍቷል። በሌለበት ጥፋት ሲፈረድበት ላየው አልቻልኩም። ተነሣሁና «ኪኒን ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ለመክሳት ብዬ» አልኩ።

ሐጂ በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። «ገበናሽን መሸፈንሽ ደግ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነሽ። እኛ ግን ሽበት ያበቀልነው በከንቱ አይደለም።»

ሮጬ ብልቃጡን አመጣሁ። አጎቴ አገላብጦ አየው። «ሰው ከፍሎ ይከሳል?» አለ። «እኔ ሽንኩርት እንኳ ኪሎ እንዳይቀንስብኝ ፀሐይ ሲበርድ ነው የማስጭነው።» እናቴ ብልቃጡን ስታይ ጭራሽ ደረቷን መታች፤ ጤነኛ ሰው ኪኒን አይውጥም፣ ክሊኒኩ በሽታዬን ደብቋታል ማለት ነው። የተዘጋው በር ተመልሶ ተከፈተ። ጮህኩ። በጮህኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑ፣ የእኔን ሳይሆን የራሳቸውን። መጨረሻ ላይ በልጆቼ ማልኩ። አጎቴ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «አየህ?» አለው። «በልጆቿ እስክትምል ድረስ አስፈራርተሃታል።»

ውሳኔው ተነገረ፤ እስካገግም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መቂ እናቴ ቤት እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ ትምህርት ስላላቸው ከአባታቸው ጋር ይቆያሉ፣ የእሱ እህት መጥታ ታግዛለች። ባለቤቴ እየመጣ ይጠይቀኛል። እንደ ታሳሪ ማለት ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ፣ የሰው ካዝና ቁልፍ የምይዝ፤ አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ምን ትያለሽ አላለኝም።

እናቴ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጨመረችው፣ በዚያስ አልከፋኝም፤ የልቤ ምት ረጋ። ረሃቡ ግን ከነወለዱ ተመለሰ። ጠዋት ቅንጬ በቅቤ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ምሳ የባቱ ዓሣ፣ ደግሞ እንቁላል። እምቢ ካልኩ እናቴ ታለቅሳለች፣ ከበላሁ ቀና ብላ እግዜርን ታመሰግናለች። ወጣ ልበል ካልኩ ጎረቤት «ብርድ እንዳይመታሽ» ብሎ ይመልሰኛል። መቂ ብርድ! ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ ወደ ሽንኩርት መጋዘኑ ይወስደኛል። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እሱም ሚዛን ካላየ አያምንም። ጆንያ በሚመዘንበት ላይ ያቆመኛል። ወዛደሮቹ ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ተሰልፈው እስክወርድ ይጠብቃሉ። አጎቴ ቁጥሩን እያነበበ ለእናቴ ስልክ ይደውላል፣ ጮክ ብሎ። እዚያ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

እሑድ እሑድ ባለቤቴ ብርቱካንና ስኳር ይዞ ይመጣል። ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እናቴ ድሮ ካልጎረሰላት የማትለቀው ሴት፣ አሁን ምግቡን ፊቱ አስቀምጣ ትሄዳለች። «እማማ፣ ደህና ሰነበቱ?» ሲላት «ይመስገን» ትላለች፣ ዓይኑን ሳታይ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ይነግረኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም ግቢውን እናያለን። ልናወራ ብንፈልግ እንኳ በሩ አጠገብ ሁልጊዜ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው አይጠፋም።

ክብደቴ ተመለሰ፣ ትርፍም ጨመረ። ሐጂ ዱዓ አደረጉልን፣ አጎቴ ባለቤቴን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ምክር የሚሰማ ሰው ይባረክ» አለው። ባለቤቴ «አሜን» አለ። አመሰግናለሁም አለ። ልደነፋ ብዬ ልጆቼን ለማየት ስለቸኮልኩ ዋጥኩት።

አሁን አዳማ ነኝ፣ ቤቴ። ባለቤቴ ከጋራዥ ቶሎ ይገባል። ሳህኑ ላይ ሥጋውን ሁሉ ወደ እኔ ይሰበስባል። እጄን ከሳህኑ ሳነሣ ፊቱ ይለዋወጣል፤ «ትንሽ ጨምሪ፣ ለእኔ ስትዪ» ይላል። ጠግቤም እንዳልጠገበ ሰው እየሆንኩ እበላለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮሃል። ሐኪም መቀነስ አለብሽ ብሎኛል፣ ሳልቸኩል፣ በምግብና በእግር። ለባለቤቴ ብነግረው እንዴት እንደሚደነግጥ ስለማውቅ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ባለፈው ሰሞን ምሳ ላይ ልጆቹ ተነሥተው ወጡና ሁለታችን ቀረን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን በድዬሽ ነበር?» አለኝ።

«ኪኒን ነበር አልኩህ እኮ። ብልቃጡን አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ» አለ። «ግን ያን ያህል ትልቅ ሰው ተሰብስቦ በከንቱ አይሳሳትም። ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ይኖራል። አስቢና ንገሪኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። እውነቱን ነው፣ ይለምነኛል። ምናለ አንድ ጥፋት ፈልጌ ብሰጠውና ቢገላገል ብዬ፣ የኖርንበትን ዘመን ከሠርጋችን ጀምሮ አንድ በአንድ አገላበጥኩት። አንድ መራራ ቃል፣ አንድ ውጭ ያደረበት ቀን፣ ምንም አላገኘሁም። «ምንም አልበደልከኝም» አልኩት።

አላመነኝም። የቀረውን እንጀራ ቆረሰና ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።