ለራሴ ያስቀረሁት በር

እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህን ከአንደበቴ የሰማ ሰው አልነበረም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ስናዘዝ ኖሬ፣ ይህን ግን ሁልጊዜ እየዘለልኩ አልፈዋለሁ። ስርቆት ቢሆን በስሙ እጠራው ነበር። እኔ ያደረግሁት ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ስም ያለው ኀጢአት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እናንተ ስሙኝና ስም አውጡለት።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ሶፍትዌር ተምሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ዘመሮ ተመልሼ ነበር። በከተማዋ ትንሽ የዓይነ ስውራን ማኅበር አለች፤ በእርዳታ የተሰጣት አንድ ኮምፒውተር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ወይንሸት፣ በልጅነቷ በኩፍኝ ዓይኗን ያጣች መምህርት፣ አንድ ቀን መጣችና «ይህ ዕቃ በአማርኛ ይናገርልን» አለችኝ። «አንድ ነገር ማጻፍ ስንፈልግ ዓይናማ እንለምናለን። የነገርነው ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው።»

እሺ አልኳት። አባላቱ ተሰብስበው በጋራ የሚጽፉበት፣ የጻፉትን ኮምፒውተሩ መልሶ የሚያነብላቸው፣ ሌላ ሰው ግን የማይከፍተው ፕሮግራም መሥራት ጀመርን። ጀመርን የምለው ያለ እሷ ስለማይሆን ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በድምፅዋ ቀዳችልኝ። ማውዙን አስነቀለችኝ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች «እዚህ ጋ ዝም አለኝ። ዝም ያለኝ ነገር ለእኔ የለም ማለት ነው» ትለኛለች፤ አስተካክላለሁ።

እኔ ይህን ቃሏን ያዝኩት። ሁሉም ነገር እንዲናገር አድርጌ፣ ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት አንድ መግቢያ ብቻ ዝም እንዲል ሠራሁ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ሠራሁት። የይለፍ ቃል ቢጠፋ ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ታዲያ ለምን አልነገርኳትም?

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ጌታነህ ነበሩ፤ ጎልማሳ ሳሉ ዓይናቸው የጠፋ፣ ገመድ እየገመዱ የሚተዳደሩ ሰው። ሥራው ሲያልቅ «ልጄ፣ የምንጽፈውን አንተስ ልታየው ትችላለህ?» አሉኝ።

«እኔም አልችልም።»

«በእመቤታችን?»

«በእመቤታችን» አልኩ። ማልኩ።

አመኑኝ። የይለፍ ቃሉን ወይንሸት ብቻ እንድትይዝ ተስማሙ።

ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬት ለአጨዳ ሲከፈት ማኅበሩ ድርሻ ነበረው። ዘመዶቻቸው አጭደው ለቤት ክዳን ይሸጡላቸዋል፤ የዓመት ጨውና ሳሙና የሚወጣው ከዚያ ነው። በዚያ ዓመት አንድ የወረዳ ሹም ድርሻውን ነጥቆ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። አባላቱም ተሰብስበው አቤቱታ ጻፉ፤ ሹሙ ሳይሰማ ደብረ ብርሃን ላሉት አለቆቹ ሊያደርሱት።

ሹሙ ግን መሰባሰባቸውን አይቷል። ቢሮው ጠራኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። «እነዚያ ሰዎች ምን እየጻፉ ነው? ዕቃውን የሠራኸው አንተ አይደለህ?» አለኝ። ቀጥሎም ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላክ ሰው እየፈለጉ እንደሆነ አወራኝ። ሌላ ያለው ነገር የለም።

በቀትር፣ ማኅበሩ ቤት ሰው በሌለበት፣ ይዤው ሄድኩ። ያን ዝም ያለ በር ከፈትኩለት። ኮምፒውተሩ አቤቱታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበልን፤ በወይንሸት ድምፅ፣ የጋሽ ጌታነህን ስም እየጠራ። ሹሙ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና «ድምፅዋ ያምራል» አለ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ጌታነህ ታሰሩ። ሲፈቱ ሣሩ ታጭዶ አልቋል፤ በጎቻቸውንም ልጃቸው ለስንቅ ሸጣ ጨርሳለች። ማኅበሩ ተሰበሰበ።

«ያሰሩኝ ሰዎች የጻፍነውን ቃል በቃል ነገሩኝ» አሉ እሳቸው። «ከመሀላችን ነው የወጣው።»

ወይንሸት ወደ ተቀመጥኩበት ዞረች። «አንተ ንገራቸው እስቲ። ከእኔ በቀር ሊከፍተው የሚችል ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

የለም አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ያን ጊዜ አለ ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? እሷም በቀስታ፣ «እንግዲያው እኔ ነኝ ማለት ነዋ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ክንዷን የሚይዛት ጠፋ። መንገድ የሚመሯት ተማሪዎቿ በወላጆቻቸው ተከለከሉ። ዓመት ሳትሞላ ዘመሮን ለቃ ደብረ ብርሃን ገባች። እኔ ተላክሁ፤ ተማርኩ። ዛሬ አዲስ አበባ የሰው ምስጢር የሚጠብቅ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ወጣቶች ፊት ቆሜ ስለ ምስጢር ጥበቃ ስናገር ያጨበጭቡልኛል።

ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ሰው ይፈራ ነበር የምትሉልኝ ትኖራላችሁ። አትበሉልኝ። የፈሩ አሉ፤ እኔ አልፈራሁም። ሹሙ አላስፈራራኝም። ሻይ ጋበዘኝ፣ ትልቅ ሰው አስመሰለኝ፤ እኔም ወደድኩት።

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ሄጄ ለወይንሸት ነገርኳት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይቅርታ ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ጋሽ ጌታነህ ሲሞቱ፣ ለቅሶ እንዳልደርስ ልጃቸው ሰው ልካብኛለች። እሳቸው እንግዲህ አይሰሙም። ዘመሮ ያሉት ግን ይሰማሉ። ለእነሱ ተናገር፤ የእኔንና የአንተን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ወጣሁ።

ስለዚህ የዘመሮ ሰዎች ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ዓይን ያላችሁ ለሌላቸው አንብቡላቸው፤ ለጋሽ ጌታነህ ልጅም አንብቡላት። ይቅር በሉኝ አልልም። ወይንሸት ምስጢራችሁን ለማንም አላወጣችም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ስትከሰስም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።