የሳያት ዕርቅ

ሳያት ታቦር ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የብድር ተቆጣጣሪ የሆነች ሴት ናት። ሥራዋ የሰው ፋይል ማገላበጥ ነው። ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ደግሞ በከተማችን ብዙ ወዳጅ የለውም።

አምና ግንቦት ላይ ነው ያየችው። ቅርንጫፉ ካበደረው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሄደው ለአንድ ባለሆቴል ነው፤ አንዱ ብድር በራሱ፣ ሌላው በሚስቱ፣ ሦስተኛው በወንድሙ ስም። የሦስቱም መያዣ ያው ወደ ቡሹሎ መውጫ ላይ የተጀመረ፣ ገና ጣሪያ ያልለበሰ ሆቴል ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ቢወድቅ የሚወድቀው ብቻውን አይደለም፤ ዓሣ ሸጣ የምታስቀምጠውም፣ ጡረታውን የሚያጠራቅመውም አብሮት ነው። ሳያት ፈራች፣ ከልቧ ፈራች፤ ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት። በአራተኛው ቀን ለዋናው መሥሪያ ቤት ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ፈረመች።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምን አደረገ? ደብዳቤውን «ለሚመለከተው» ብሎ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ለጉልላት መለሰው። መቼም የሚመለከተው እሱን ነው፤ ብድሩን የፈቀደው እሱ ነዋ።

ጉልላት አልተቆጣም። ብልህ ሰው ስለሆነ ሽማግሌ ላከ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው ቤቷ መጡ። እናቷ ደንግጠው ለስላሳ ሊያስመጡ ተሯሯጡ። ሳያት ስለ መያዣውም፣ ስለ ሦስቱ ስሞችም አንድ በአንድ አስረዳች። ጋሽ ሕዝቅያስ ሳያቋርጡ አዳመጧት።

«ልጄ፣ የባንኩን ነገር እኔ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የማውቀው ወንድምሽ ጉልላት እንዳዘነብሽ ነው። ለእኛ ስትይ ተይው።»

ቤቷ ድረስ የመጣ ሽማግሌ እምቢ የሚባልበትን አፍ ሳያት ከየት ታምጣ? በሳምንቱ ጉልላት ራሱ መጥቶ ትከሻዋን ሳማት፤ ጸሎት ተደረገ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ። ሰኞ ጠዋት «በግል አለመግባባት ተነሳስቼ የጻፍኩት ስለሆነ እንዲሰረዝልኝ» የሚል ግማሽ ገጽ በገዛ እጇ ጻፈች። ስትፈርም ምንም አልተሰማትም። ከዚያም በኋላ ምንም ሳይሰማት ከረመች፤ ትገባለች፣ ፋይል ታገላብጣለች፣ ትወጣለች። እናቷ ምን ሆነሻል ሲሏት ደህና ነኝ ትላለች፤ ውሸቷንም አልነበረም፤ የሚያማት ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ባለሆቴሉ መክፈል አቆመ። ቅርንጫፉ በር ላይ ሰው ተሰለፈ፤ ብር እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። ዓሣ ሻጯ ደስታነሽ ለልጇ ቀዶ ሕክምና ያስቀመጠችውን ልታወጣ ሦስት ቀን ተመላልሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሳያት በመስታወቱ አሻግራ አየቻት። ማልቀስ እንደነበረባት ታውቃለች፤ እንባው ግን አልመጣላትም። ጉልላት ቀደም ብሎ በእድገት አዲስ አበባ ተዛውሯል።

ሊመረምር የመጣው ኦዲተር ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማን እንዳስገደዳት ጠየቃት። ያስገደዳት እንደሌለ፣ ሽማግሌ ገብቶ እንዳስታረቃቸው ነገረችው።

«ከአቶ ጉልላት ጋር በምን ተጣልታችሁ ነበር?»

ሳያት ግማሽ ገጹን ደብዳቤ ወደ ኦዲተሩ መለሰችለት።

«ተጣልተን አናውቅም» አለችው።