በጉም ውስጥ ያዜምናት «ኦቨር»

ባለፈው ቅዳሜ ዳባት ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ የወንድሜ ልጅ ማህሌት እንግሊዝኛዋን ስታነበንብ ሰማኋት። የያዘችው «ኦቨር» የምትባለውን ቃል ነበር። ሚጢጢ ቃል ናት፤ ትርጉሟ ግን ብዙ ነው። ሳይነካ ከላይ መሆንም ኦቨር ነው፣ ተሻግሮ ማዶ መድረስም ኦቨር ነው፣ ከልክ ማለፍም፣ አልቆ ማብቃትም። ልጅቷ «ለአንዲት ቃል ይህ ሁሉ?» እያለች ታማርራለች። የኔ እጅ ግን ሰፌዱ ላይ ቀረ። ያቺን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ የእግሬ ጣቶች ይኮማተራሉ። ደጅ ደግሞ የሰኔ ጉም ከደባርቅ በኩል እየወረደ ነበር።

ያኔ ደባርቅ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አገራችን ወደ ጃናሞራ በሚወስደው በኩል፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ናት። እንደ ገጠር ልጆች ሁሉ እኔና የአክስቴ ልጅ ስመኝ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ድርቆሹና በሶው ሲያልቅብን ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ወደ ቤት እንሄዳለን። መንገዱን ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን እያልን እንኩራራ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን በዚያ ሳምንት «ኦቨርን ከነምሳሌዎቿ ሰኞ በቃላችሁ ትወጣላችሁ» ብሎን ነበር። አባቴ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ዳዊት ያስጠናኝ በዜማ፣ እየተወዛወዝኩ ነው። እኔ ከዚያ ሌላ ጥናት አላውቅም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛውም ዜማ አበጀሁለት። እኔ አወጣለሁ፣ ስመኝ ትቀበላለች። ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ የመምህሩን ምሳሌዎች፣ ከጣሪያ በላይ ስለምትበረው ወፍና አጥር ስለዘለለው ፈረስ፣ በእንግሊዝኛ እያዜምን ጭቃውን ተያያዝነው።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጣ። የሰሜንን ጉም ያላየ ሰው ጉም አየሁ አይበል። መጀመሪያ ማዶው ጠፋ፣ ቀጥሎ ሰው የሚያክለው የጅብራ ተክል ጠፋ፣ በመጨረሻ የገዛ እግሬ ጠፋኝ። ከእግራችን በታች መንገድ መሆኑ ቀርቶ እርጥብ የጓሳ ሣር ሆነ። መንገድ ስተናል። ገደሉ ከወዴት እንደሆነ ግን አናውቅም። ስመኝ ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች። እኔም ፈራሁ። የፈራሁት ጅቡን ወይም ነብሩን አልነበረም፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ነው። ዝምታው ሲብስብኝ ያንኑ የኦቨር ዜማ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ስመኝም ድምፅዋ በሳግ እየተቆራረጠ ተቀበለችኝ።

ድንገት ከፊታችን፣ ከቅርብ፣ የአዛውንት ድምፅ «በስመ አብ! በስመ አብ!» አለ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። «አያ! መንገድ ጠፍቶብን ነው! መጣን!» ብዬ ወደ ድምፁ ልሮጥ ስል፣

«ቁሙ! ባላችሁበት!» አሉ። «ይህ የሰው ቋንቋ አይደለም። ሰው በጉም መካከል አይዘፍንም። እናንት እነማን ናችሁ?»

ለካ ጋኔን መስለናቸው ኖሯል!

«የካሳ ልጅ ታንጉት ነኝ፣ አያ! ደብራችን ሚካኤል ነው!»

«ስምማ እነሱም ያውቃሉ። እስቲ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ።»

ደገምን። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ በዚያው በኦቨር ዜማ አወጣነው። ይሄኔ ሽማግሌው ጨርሰው ተሸበሩ። «አንዲት እርምጃ እንዳትጠጉኝ! በድንጋይ ነው!» አሉና ወረወሩ።

ድንጋዩ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ወደቀ ብለን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ድምፅ የለም። ቆይቶ፣ ስንረሳው፣ ከእግራችን ስር ከሩቅ ጥልቀት «ቋ» ሲል ሰማን።

ስመኝ ልቅሶዋን አቆመች። እኔ ያነሳሁትን እግር ቀስ ብዬ ወደ ኋላ መልሼ ቁጭ አልኩ። ሣሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

ነፋስ መጥቶ ጉሙን ሲከፍተው አየነው። እሳቸው በቅሏቸውን ይዘው ማዶ አፋፍ ላይ ቆመዋል። እኛ ወዲህ ነን። መካከላችን ጠባብ ገደል ነው፤ ታቹ አይታይም።

ዞረው እስኪደርሱልን ከተቀመጥንበት አልተነሣንም። ሲደርሱ ከኛ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። ከስልቻቸው የገብስ ዳቦ አውጥተው ቆረሱልን።

«ልጆቼ፣ ፈርቻችሁ ነው እኮ» አሉ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ። «ፍርሃቱ ባይዘኝ ‹ኑ› ልላችሁ ነበር። ‹ኑ› ብያችሁ ቢሆንስ?»

እስከ ቤታችን በር ድረስ የበቅሎዋን ጭራ አስይዘው አደረሱን። ሰኞ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ምሳሌ በቃሌ ወጣሁ፤ ፈረሱ አጥሩን የዘለለበት ላይ ስደርስ ብቻ ድምፄ ተቆረጠ። መምህሩ አፍራ ነው ብሎ አለፈኝ።

ብዙ ሰው ልጁን «አትፍራ» እያለ ያሳድጋል። እኔ ይህን ቃል ለልጅ ተናግሬ አላውቅም። የማይፈራ ሰው በዚያ ቀን ማዶ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ምስር የምትለቅም ታንጉት አትኖርም ነበር።

ማህሌት ጥናቷን ጨርሳ ጫማዋን ስታጠልቅ አየኋት።

«ወዴት ነው?»

«ሱቅ፣ እስክሪብቶ ልገዛ።»

«ጉሙ ይገለጥና ትሄጃለሽ።»

ሳቀችብኝ። «ኧረ እትዬ፣ ሱቁ እኮ እዚሁ ማዶ ነው!»

«ማዶ ስለሆነ ነው» አልኳትና እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።