የችግኝ ጣቢያው ጥፋተኛ

ኑርዬ እስከ ደረቱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ከላንድሮቨሯ ኋላ ገመድ ሊያስር ይታገላል። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ማዕረግ ዳር ቆሞ ጫማውን ይወለውላል። የጣቢያው ሾፌር ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ መኪናዋን የሚነዳት ማዕረግ ነው። ዛሬም ደሴ ወስዶ የሚሸጠውን ዓሣ ሊጭን መጥቶ የእጅ ፍሬን ሳይስብ ወረደ። መኪናዋ ብቻዋን ሐይቁ ገባች።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ሐሙስ ይቺን ነገር እርስዎ ቢይዙልኝስ?» አለ ማዕረግ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የቷን ነገር?»

«መኪናዋን።»

ኑርዬ የጣቢያው ዘበኛ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ አንድ። ሐሙስ ሐሙስ ሠራተኛው ለሂስና ግለ ሂስ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛ ካልተገኘ ስብሰባው አያልቅም። በ1970 ማዕረግ በተሾመ በሳምንቱ ማኅተም ጠፋ። ኑርዬ ራበውና «እኔ ነኝ» አለ። ሁሉም ለምሳ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሰብሯል፣ አራት ሺህ የባሕር ዛፍ ችግኝ አድርቋል፣ ለበዓል የመጣ ስኳር በልቷል። ስኳር አይወድም። ማዕረግ በየጊዜው አቅፎ ይስመዋል፤ የኑርዬን ሰባት ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠርቶ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል። ከዚያ ቁጭ ብሎ የኑርዬን ጥፋት በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል።

የኑርዬ ሚስት ኡሙሰልማ እርጥብ ልብሱን እያሰጣች ነገሩን ሰማች።

«አብሽሪ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ብሎኛል። አልቅሶልኛል እኮ!»

«ለስኳሩም አልቅሶልህ ነበር። መኪና የመንግሥት ነው፤ ያስሩሃል፣ አንተ ሰውዬ!»

ሐሙስ ከደሴ ጓድ ጸዳለ የምትባል መርማሪ መጣች። ማዕረግ ቀድሞ ተነሳ። «ጓዶች፣ የገዛ አባቴን እንደ መክሰስ ነው የሚከብደኝ» ብሎ በአንድ እጁ መሐረብ አወጣ፤ በሌላው ክሱን ለመርማሪዋ አቀበለ። መርማሪዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። መጨረሻው ላይ አምስት ዓመት እስራት የሚል ነበረበት።

ኑርዬ ማዕረግን አየው። ማዕረግ ፈገግ ብሎ ጠቀሰው።

«ጓድ ኑርዬ፣ መኪናዋን ሐይቅ ያስገቧት እርስዎ ነዎት?» አለች ጸዳለ።

ቃል ሰጥቷል። «እኔ ነኝ» አለ።

«መንዳት የት ተማሩ?»

ይህን አላሰበበትም። «እዚሁ፣ እያየሁ።»

ሠራተኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እንግዲያው የኔን መኪና እስከ በሩ ይንዱልን።»

ሁሉም ተከትሎ ወጣ። ኑርዬ መኪናዋን አንዴ ዞራት። የኋላውን በር ከፈተና ገባ፤ በላንድሮቨሯ ሁልጊዜ የዓሣውን ጆንያ ደግፎ እንደሚሄደው እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። ሰዎቹ ጠበቁ። እሱም ጠበቀ።

«ምነው፣ አይነዱም?» አለች ጸዳለ።

በመስኮቱ ብቅ አለ። «ሾፌሩ ሳይገባ?»

«ሾፌሩ ማነው?»

ኑርዬ ወደ ማዕረግ ዞረ።

«ኧረ ይግቡ ጓድ ማዕረግ፣ ዓሣው ይበላሻል!»

ማዕረግ ወዲያው አለቀሰ።

ኑርዬ በዘበኝነቱ ቀጠለ። ማዕረግ ከሦስት ወር በኋላ ደሴ ተዛውሮ የአንድ መሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተሾመ።