ከጭላሎ የወረዱት ፈረሶች

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ወደ አሰላ ስንሄድ፣ ደራን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን ነፋሱ ቀዘቀዘና የመኪናውን መስኮት ዘጋሁ። ጋቢ የለበሰ ሰው አጠር ባለ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይወጣል። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ፈረሱ ገና ውርንጭላ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አድጎ የጨረሰ መሆኑን፣ የተራራ ፈረስ ከዚህ እንደማይበልጥ ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

በደርግ ዘመን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ አዳማ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አለቃችን ጓድ ታምራት ወደ ሰሜን ለሚዘምተው ሚሊሺያ ጭነት የሚሸከሙ ሠላሳ ፈረሶች ከጭላሎ ተራራ እንድናወርድ አዘዘ። እሱ ራሱ መራን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ የገብሱ ማሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ከፊታችን የሚሄደው መኪና እንኳ አይታይም።

ያረፍነው ኦቦ ቱፋ ከሚባሉ ፈረስ አርቢ ሽማግሌ ቤት ነው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልን። ጓድ ታምራት ፈረሶቹን ሊቆጥር ሲወጣ፣ እሳቸው እኔን ወደ አንዲት ዳማ ባዝራ ወሰዱኝ።

«የእሷን ዘር የአያቴ አያት ጋልቦታል» አሉኝ። «እዚሁ ብርድ ውስጥ ተወልዶ እዚሁ ያረጃል። ሰኮናው ድንጋይ ነው። ረግረግ ሲያገኝ አይቸኩልም፤ መሬቱን አሽትቶ፣ በአንድ እግሩ ሞክሮ ነው የሚገባው። ብትመቺውም ሳይሞክር አይሄድም።»

«ጎበዝ ዘር ነው» አልኳቸው።

«እዚህ ነው ጎበዝ። አሁን ቆላ ካወረዳችሁት ይሞታል። አባቴ ኅዳር ሳይገባ ፈረስ አውርዶ አያውቅም። አንቺ ተምረሻል፤ ንገሪው።»

አውቅ ነበር። ዝናብ ሲያበቃ ቆላው ላይ የሚፈላው ጥቃቅን ትንኝ የፈረስ በሽታ ያዛምታል፤ የደጋ ፈረስ ደግሞ በሽታውን ስለማያውቀው መቋቋሚያ የለውም። ለጓድ ታምራት ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጓዲት፣ ዘመቻው ኅዳርን አይጠብቅም» አለኝና የጤና ማረጋገጫውን ወረቀት አቀበለኝ። «ያንገራገሩ ሰዎች የት እንዳሉ ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ፈረሶቹ ለጉዞ ብቁ ናቸው ብዬ ፈረምኩ።

ኦቦ ቱፋ ፈረሶቹን ብቻቸውን አልለቅም ብለው በእግራቸው አብረው ወረዱ። ዳማዋ እየመራች፣ ውሃ የተኛበት ቦታ ሁሉ እየቆመች መሬቱን ትሞክራለች፤ ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ጨመረ፤ ያ ወፍራም ጠጉራቸው በላብ ተጣበቀ። አዳማ ዳርቻ፣ ግራር ሥር በታጠረ በረት አስገባናቸው። ከጀርባው ዝናብ ያቆረው ውሃ ነበር። ማታ ማታ ትንኙ እንደ ጭስ ይነሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ጓድ ታምራት በበረቱ ባለፈ ቁጥር «የታል በሽታሽ?» ይለኛል። እኔም ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መተኛት ጀምሬ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የአንዱ ፈረስ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ አገኘሁት። ሣሩን ግን ይበላል። እኩለ ቀን ላይ እግሮቹን አንፈራጦ ቆመ፤ ከአፍንጫው እንደ ሳሙና ያለ ነጭ አረፋ ወጣ፤ ወደቀ። በማግስቱ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ዳማዋ ከመጨረሻዎቹ ነበረች። ኦቦ ቱፋ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አረፋውን በጋቢያቸው እየጠረጉ አብረዋት ቆዩ። አላለቀሱም፤ እኔንም ቀና ብለው አላዩኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ኦቦ ቱፋን ወሰዷቸው።

«አሻጥር ነው» አለኝ ጓድ ታምራት ቢሮው ጠርቶ። ያን ጊዜ ይህች ቃል የተለጠፈችበት ሰው ሳይመለስ ሊቀር ይችል ነበር። ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሽማግሌው መርዝ አብልቷቸዋል ብለሽ ጻፊ። ካልሆነ ግን፣ ጤነኞች ናቸው ብላ የፈረመችው ማን እንደሆነች መጠየቁ አይቀርም።»

ጠዋት አመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ወፍራም ሹራቧን አውጥታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ጻፍኩ፦ ፈረሶቹን የገደላቸው የቆላው በሽታ መሆኑን፣ ሽማግሌው አስቀድመው ማስጠንቀቃቸውን፣ እኔም እያወቅሁ መፈረሜን። ሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱን የኦቦ ቱፋን ጉዳይ ለያዘው መርማሪ በእጄ ሰጠሁ፤ ሌላውን ለጓድ ታምራት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ታሰርኩ።

ኦቦ ቱፋ በሁለተኛው ሳምንት ተለቀቁ። ሲወጡ የሴቶቹን ክፍል መስኮት ጠጋ ብለው ጠሩኝ። የጠበቅሁት ምስጋና ነበር፤ እንዲህ ማለት ዛሬም ያሳፍረኛል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ተራራው ላይ እያለን ብትጽፊው ጥሩ ነበር።»

ወደ ተራራው በእግራቸው ተመለሱ። እኔ ስድስት ወር ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ያለ ምንም ፍርድ ውጪ ተባልኩ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ታሪኩን የሚያውቁ ወዳጆቼ ሰው ሲያስተዋውቁኝ «ለእውነት ብላ የታሰረች» ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም። እሱም ውሸት አይደለም። ግን ሰው ያተረፈው ወረቀት ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው፣ በጤና ማረጋገጫው ላይ ያለው ፊርማም የእኔው ነው። ኦቦ ቱፋ ያሉኝን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።