የእህቱ ጭንቅላት

ፎቶ አንሺው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያሳምር ኖሮ፣ በስተርጅና የሰው ፊት እያጠፋ የሚተዳደር ሆነ። ይኼም ሥራ ነው እንግዲህ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል ምርምር ማዕከሉ የፈቃደኞችን ጭንቅላት በኤምአርአይ ያነሳና ምስሉን ለሌላ አገር ተመራማሪዎች ያካፍላል። ታዲያ አንጎል ብቻውን መች ይነሳል፤ አፍንጫውም አገጩም ተከትሎ ይመጣል። ያየ ሁሉ «ይሄማ እከሌ ነው» እንዳይል ስሙ በቁጥር ይተካል፣ ፊቱም ከምስሉ ላይ ይላጫል። ላጪው እሱ ነው። የሚያውቀው ሰው ከመጣበት ለኃላፊዋ ይናገራል፤ ምስሉም ይጣላል። ውጭ ወጥቶ ትንፍሽ ማለት የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ የገዛ አፍንጫው ብቅ አለ። ክው አለ። እሱ እንደሆነ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ይህን አፍንጫ የያዘ ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ!

ምስኪን፣ ልጅ ሳለች «ይቺማ ጭንቅላት የላትም» ተብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ያሉት አባቷ ናቸው፤ እሷ ይቅር ብላቸዋለች፣ እኔ ግን አልላቸውም። ከዚያ ወዲህ ድስት ባረረ፣ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ያው ቃል ነው። ሰሞኑን «ጭንቅላቴን ለምርምር ሰጠሁ» ስትል ወንድሟ ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር።

ቢናገር ምስሏ ሊጣል ነው። ዝም አለና አፍንጫዋን ቀስ አድርጎ ላጨው። ገና ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣

«ጭንቅላቴ ደረሰ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። እኛ ጋ ስም የለም።»

«ስሙ ይቅር። ፊቴ ጠፋህ?»

«አላየሁሽም» አለ ወለል ወለሉን እያየ።

እህቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «በቃ፣ ጥለውታል። ከፍተው ሲያዩት ባዶ ሆኖባቸው ነው። አባባ እውነታቸውን ነበር።»

አንጀቱ አልቻለም። «ኧረ አለሽ!» ብሎ ጮኸ። «ጢም ያለ ጭንቅላት አለሽ! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!»

አፉን ሳይዘጋ እሷ በረንዳ ላይ ነበረች። «ጎረቤቶች፣ ስሙልኝ! ጭንቅላት አለኝ! ወንድሜ አይቶታል!»

በማግስቱ የማዕከሉ ዘበኛ ሳይቀር «በእህትዎ ጭንቅላት እንኳን ደስ አለዎት» አለው።

ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ ለእሱ የከፋው ይኼ ነው። «ሰፈር ሙሉ የሚያውቀውን ጭንቅላት ማንነቱ አይታወቅም ብለን እንላክ?» አለችው። «ያጥፉት።»

«እሷ ራሷ እኮ ናት ያወራችው! ከማን ነው የምንጠብቃት?»

«ከራሷ።»

ማጥፊያውን በገዛ ጣቱ ተጫነው። የእህቱ ጭንቅላት ከነቁጥሩ እልም አለ። ያን ቀን ምሳም አልበላ።

ማታ በሩን ከፍታ ጠበቀችው። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እንዲህ አምሮባት አይቶ አያውቅም።

«እህሳ፣ ጭንቅላቴ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ፣ እትዬ» አላት። «ባሕር ተሻግሯል።»